የጎረቤት ቅንድብ

«ጎረቤቴን ፈልግልኝ» አለ ባሲል።

ኸርበርት ካሜራውን በላስቲክ እየጠቀለለ ነበር። ታላቅ ወንድሙ በሌላ ጊዜ እንዲህ ሲለው ይስቅ ነበር፤ ያን ዕለት ግን አልሳቀም። የባሲልን ጎረቤት ትሪስታን በምትባለው ደሴታችን ላይ የማያውቅ ሰው የለም። ጎረቤት ስላለው ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ፔንግዊን ነው። እኛ ፒናሚን የምንለው፣ ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ፣ ዐይኑ የቀላ፣ ከቅንድቡ ላይ ቢጫ ላባ እንደ ሙሽራ ጌጥ ወደ ጎን የተበተነለት፣ ቁመቱን ረስቶ ከሰው ጋር የሚጣላ ፍጥረት።

ናይቲንጌል የምትባለው ሰው የማይኖርባት ደሴት ከእኛ በጀልባ የሚኬድባት ናት። እያንዳንዱ ቤተሰብ እዚያ አንድ አንድ ጎጆ አለው፤ ለእንቁላልና ለወፍ ስንሄድ የምናድርበት። ከባሲል ጎጆ ደፍ አጠገብ፣ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር፣ ይኸው ፒናሚን ስንት ዘመኑ፣ በየዓመቱ በነሐሴ ከባሕር ይወጣና ቤቱን ይሠራል። የቀኝ ቅንድቡ እንደ ባልንጀሮቹ ሽቅብ የተበተነ ነው፤ የግራው ግን ከበቀለ ጀምሮ ወደ ታች ወድቆ በዐይኑ ላይ እንደ መጋረጃ ይንጠለጠላል። ላባ ቀይሮ ሲመጣም ያው ነው። በዚህ የተነሳ የነገሩትን ሁሉ የማያምን ይመስላል።

«ደኅና አደርህ ስለው፣ 'እስቲ ተወኝ ውሸታም' ብሎ ያየኛል» ይላል ባሲል።

ሌላም አመል አለው። ባሲል ደፉ ላይ ሲቀመጥ ይመጣና የጫማውን ማሰሪያ በምንቃሩ ጎትቶ ይፈታል። የሌላ ሰው ጫማ ዞር ብሎም አያይም። ባሲል ልጅ የለውም፤ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ልቡ ደክሞ አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ ደግሞ ጀልባ ይቅርና የግቢውን የድንጋይ አጥር አላለፈም። ያ ወፍ በዚያ ዘመን ይጠብቀው የነበረ ብቸኛ ፍጥረት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እና በመጋቢት አንዲት የጭነት መርከብ ናይቲንጌል ጫፍ ካለው ዐለት ጋር ተጋጭታ እዚያው ተሰነቀረች። መርከበኞቹ አንድም ሳይጎዱ ተረፉ፤ ጸሎታችን ተሰማ አልን። ከዚያ መርከቧ ለሁለት ተሰበረችና ሆዷ ውስጥ የነበረው እንደ ሬንጅ የወፈረ ጥቁር ነዳጅ ተዘረገፈ። ፒናሚኖቹ ላባ ለመቀየር ከውሃ ርቀው፣ ጾመው፣ ከስተው፣ ገና ተርበው ወደ ባሕር የሚገቡበት ሰሞን ነበር። ከአንድ ወር ጾም በኋላ ማዕዱ ሲቀርብ መርዝ ሆኖ እንደ ማግኘት ነው።

«በዚያ ሁሉ መሃል አንድ ወፍ እንዴት አድርጌ ላግኝልህ፣ ጋሼ?» አለ ኸርበርት።

«ቅንድቡን እይ! ስንት ሙሽራ ፎቶ አንስተሃል፤ አንድ ቅንድብ ያቅትሃል?» ብሎ ባሲል ሳለ። ከሳሉ ሲመለስ ድምፁ ቀጥኗል። «ደኅና መሆኑን ብቻ ልወቅ፣ ኸርቢ። ካልሆነም አለመሆኑን። ፎቶውን አምጣልኝና ልየው።»

ኸርበርት ሥራው የባሕር ሎብስተር የሚታሸግበት ፋብሪካ ነው፤ ካሜራ ግን ደሴቲቱ ላይ በእሱ አንገት ብቻ ነው የሚታወቀው። ሠርግ እሱ፣ ክርስትና እሱ፣ የፓስፖርት ፊት እሱ። ስለዚህ ደወሉ፣ ማለት ያ የተሰቀለው አሮጌ የጋዝ ሲሊንደር፣ ተደውሎ ሰው ሁሉ ወደ ጀልባ ሲጠራ፣ የደሴቲቱ አለቃ ኸርበርትን ለብቻው ጠርቶ እንዲህ አለው። «አንተ ወፍ አትነካም። ሬንጅ የነካው እጅ ካሜራ አይዝም። እኛ የምናየውን ዓለም ካላየ፣ ባለ መርከቡም 'ምን ጠፋባችሁና ነው' ቢለን ምን እንመልሳለን? የአንተ እጅ ንጹሕ ይሁን።»

ወንዱ ሁሉ የጎማ ቡት አጥልቆ ጀልባ ላይ ሲወጣ፣ የጀልባው መሪ ጌራልድ ኸርበርትን አይቶ ጮኸ። «መንገድ ልቀቁለት እንጂ! የዛሬው ሙሽራ እሱ ነው፤ ውሃ እንኳ እንዳይረጨው!»

«አፍህን ዝጋና ሞተሩን አስነሳ» አለ ኸርበርት።

ናይቲንጌል ሳይደርሱ ሽታው መጥቶ ተቀበላቸው። ጋራዥ ውስጥ ትራክተር ሥር ተኝተህ ዘይቱ ፊትህ ላይ ሲንጠባጠብ እንዳለው ያለ ነው። ባሕሩ ድምፅ የለውም። ማዕበሉ ሲመጣ እንደ ወትሮው ተሰብሮ አይፈነዳም፤ እንደ ወፍራም ገንፎ ይንከባለልና ድንጋዩን ልሶ ይመለሳል። ድንጋዮቹ ላይ ፒናሚኖች ቆመዋል። ሌላ ጊዜ ናይቲንጌል ስትወርድ ጆሮህ እስኪደነቁር ይሰድቡሃል። ያን ዕለት አንዱም አልተናገረም። ነጭ ደረታቸው ጥቁር፣ ጀርባቸው ጥቁር፣ ራሳቸው ጥቁር። ቢጫው ቅንድብ ሬንጅ ጠጥቶ፣ ከብዶ፣ የሁሉም በሁሉም ዐይን ላይ ወድቋል።

ኸርበርት ቆሞ ቀረ። ወንድሙ «ቅንድቡ የወደቀውን ፈልግ» ብሎታል። ያን ዕለት ቅንድቡ ያልወደቀ አልነበረም።

ጎጆው ድረስ ወጣ። ከድንጋዩ ሥር ማንም የለም፤ አንድ የቆየ ላባና የደረቀ ሣር ብቻ። ፎቶ አነሳውና ወደ ባሕሩ ወረደ።

ታች፣ አንዲት ፒናሚን ከውሃ ልትወጣ ዘለለች። ፒናሚኖች የሚዘሉት እንደ ሕፃን ሁለት እግራቸውን ገጥመው ነው። ድንጋዩ ላይ አረፈች፤ ድንጋዩ ሬንጅ ነው፤ ተንሸራታ ወደቀች። እንደገና ዘለለች፤ እንደገና ወደቀች። ከኸርበርት ቡት ክንድ አይርቅም። ጎንበስ ቢል ይይዛታል።

«ጌራልድ! እዚህ! አንድ አለች!»

ጌራልድ በያንዳንዱ እጁ አንድ አንድ ወፍ አንቆ ወፎቹ ወደሚጫኑባቸው ሳጥኖች እየሄደ ነበር። «በየትኛው እጄ? በሦስተኛው?»

ኸርበርት ካሜራውን ወደ ዐይኑ አነሳ። ለምን እንዳነሳው ኋላም ለራሱ ማስረዳት አልቻለም፤ ጣቱ የለመደውን ሠራ። ስትዘል አነሳት፤ ስትንሸራተት አነሳት፤ ቀይ ዐይኗን ወደ እሱ ስታዞር አነሳት። ካሜራውን ወደ ጀርባው ወርውሮ እጁን ሲዘረጋ ማዕበሉ ልሷት ተመልሷል። ውሃው ላይ ሬንጁ ብቻ እያብለጨለጨ ይወዛወዛል። እጁን ተመለከተው። ንጹሕ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች ወደ መንደር ሲመለሱ እሱም ተመለሰ። ማታ ራት ላይ ካሜራውን ከባሲል ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ያነሳውን አሳየው። ባሲል ትራስ ተደግፎ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ አንድ ሁለቱን አየ።

«ምንድነው ይሄ? ከሰል ፎቶ አንስተህ ነው እንዴ የመጣኸው?»

«ፒናሚን ናቸው፣ ጋሼ።»

ባሲል መነጽሩን ወደ ዐይኑ ገፋ አደረገ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን «ቆይ፣ አቁመው» እያለ ወደ ስክሪኑ እየተንጠራራ ተመለከተ። የድንጋዩ ሥር ባዶ ሆኖ ሲያይ «እለፈው» አለ። የምትንሸራተተው ወፍ ስትመጣ ኸርበርት ቶሎ ሊያሳልፋት ሲል፣ «ይቺስ ወጣች?» አለው።

«አልወጣችም።»

«አንተስ?»

«ፎቶ አነሳሁ።»

ባሲል የወንድሙን ጉልበት መታ መታ አደረገው። «ይሁን፤ ተዘዝክ አይደል» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ሲታጠቡ ይለያል። ሬንጁ ይለቅና ቅንድቡ ይወጣል። ያኔ ፊት ፊታቸውን አንሳ። እኔ አውቀዋለሁ፤ አንተ ባታውቀው እኔ አውቀዋለሁ።»

እንግዲህ ተስፋው ይቺው ነበረች፤ ሲታጠቡ ይለያል።

ኸርበርት በማግስቱ ተመልሶ ናይቲንጌል ሄደ። ሲሄድ ደኅና የነበረው ነፋስ እዚያው አገተው፤ ጀልባ መግባትም መውጣትም አልቻለም። ወንዶቹ በጎጆዎቹ ተጠጋግተው፣ የተቀቀለ ድንች በቀዝቃዛ የበግ ሥጋ እየበሉ፣ ውጭ ያሉትን ጥቁር ወፎች በመስኮት እያዩ ሰነበቱ። ሳጥን አልቆባቸዋል። የያዙትን የሚያኖሩበት የለም። ጌራልድ እንኳ ቀልድ አለቀበት።

ነፋሱ ሲበርድ ተመለሱ። ኸርበርት ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ ወፎቹ ወዳሉበት መጋዘን አመራ። ትራክተሮቹ ወጥተው፣ ወለሉ አሸዋ ፈሶበት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወፍ ነው። የመንደሩ ሴቶች ሁሉ እዚያ ናቸው። የኸርበርት ሚስት አስቱሪያስ ሽርጧን አገልድማ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ፒናሚን በጉልበቶቿ መሃል እንደ በግ ጠቅ አድርጋ ይዛዋለች። አያቷን ደሴታችንን በጎበኘች መርከብ ስም ሰይመዋት ነበር፤ ስሙ ለልጅ ልጅ ተረፈ። ጌራልድ፣ «መርከብ ሲቆጣ ወደብ ይሻላል» እያለ የሚሸሻት ናት።

«መጣህ?» አለች ቀና ሳትል። «ና፣ ና እይልኝ! የወፍ ሐኪሟ ከነሳሙናዋ ከኬፕታውን እስክትደርስ እንዳናጥባቸው ተከልክለናል፤ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ወይ? ሬንጁ ዐይናቸው ውስጥ እየገባ ሊያሳውራቸው ነው። ይኸው ዐይናቸውን አበራንላቸው!»

እጇ ላይ የበግ መሸለቻው መቀስ አለ። የፒናሚኑን ራስ በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ፣ በሬንጅ የደረቀውን ቅንድብ ከሥሩ ቅርጥፍ አደረገችው። በወዲያኛውም ጎን ቅርጥፍ። ወፉን ለቀቀችው። ራሱን አራገፈና አሸዋው ላይ ጥቂት ሄዶ ቆመ፤ ቀይ ዐይኑ ከጥቁሩ ውስጥ ፍጥጥ ብሎ ይታያል።

ከበጎቻችን ጋር የኖረ ሰው ይሄን ያውቃል። የበግ ፊት ጸጉር ሲያበዛ ዐይኑን ይሸፍንና ገደል ይሰደዋል፤ ስለዚህ የፊቱን ጸጉር መከርከም የሴቶቻችን ሥራ ነው። አንድም ሰው ክፉ አላሰበም። እግሯ አጠገብ የቆርቆሮ ጣሳ አለ፤ ጣሳው ሙሉ ነው፤ ሬንጅ የነካው ቢጫ ክር ይመስላል።

ኸርበርት በመጋዘኑ ውስጥ ዐይኑን አዞረ። ሁሉም ራሰ በራ ነበሩ። ሁሉም።

«ምነው? መርከቧን አንተ የሰበርካት ይመስል!» አለች አስቱሪያስ።

«የባሲል ጎረቤት…» አለ።

መቀሱ እጇ ላይ ቆመ። አስቱሪያስ ቤት፣ ከሰዓቱ ሥር፣ የአያቷ ምንጣፍ አለ፤ በድሮ ጊዜ ከፒናሚን ቅንድብ ይሠራ ከነበረው፣ ለአንዲት ትንሽ ምንጣፍ ስንት ራስ ይሄድ ከነበረው። አሁን ማንም አይሠራውም። እሷ ግን በልጅነቷ ለአያቷ ቅንድቡን እየለየች ታቀብል ነበር።

«እኔ ዐይኑን አየሁ እንጂ…» አለች። «እጄ የለመደውን ሠራ፣ ኸርቢ። ሳላስበው እኮ ነው። እጄ የለመደውን ሠራ።»

ኸርበርት ሊቆጣት ይፈልግ ነበር፤ ግን የእሱም ጣት ድንጋዩ ላይ የሠራው ትዝ አለው። አጠገቧ ተንበረከከና፣ እጁን እንዳያቆሽሽ መታዘዙን ረስቶ፣ መቀሱን ከእጇ ቀስ ብሎ ወሰደ።

ሐኪሟ ማርሊዝ ከጥቂት ቀን በኋላ ከሰዎቿ ጋር ደረሰች። ኬፕታውን ውስጥ ዕድሜዋን ሬንጅ የነካቸውን ወፎች ስታጥብ የኖረች፣ አጭር፣ ፀሐይ ያቃጠላት ሴት ናት። መጋዘኑ በር ላይ ቆማ ራሰ በራዎቹን አየች። አስቱሪያስ ስድብ ጠብቃ አገጯን ቀና አድርጋ ነበር። ሐኪሟ ግን አልተሳደበችም፤ የተገለበጠ የሎብስተር ሳጥን ላይ ተቀመጠች።

«ይበቅላል?» አለቻት አስቱሪያስ።

«ይበቅላል። በሚቀጥለው ዓመት፣ ላባ ሲቀይሩ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ…» ማርሊዝ ትንሽ አሰበች። «እርስ በርስ የሚተዋወቁበት አንዱ እሱ ነው። ባልና ሚስቱ።»

«ታዲያ በነሐሴ ሚስቱ ጋ ሲመለስ ታባርረዋለች?»

«አላውቅም፣ እማማ። በድምፅም ይተዋወቃሉ። በእውነት አላውቅም።»

አስቱሪያስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማጠቢያው ገንዳ አልተለየችም። አንዱን ወፍ ሁለት ሰው ነው የሚያጥበው፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ በሞቀ ውሃና በሳሙና ያሻል፤ ውሃው ይጠቁራል፣ ይደፋል፣ ሌላ ይቀዳል። እጇ ተሰነጣጥቆ ደም አወጣ። «ጓንት አድርጊ» ሲሏት፣ «ጓንት ባደርግ ላባው አይሰማኝም» ትላለች። ኸርበርት ደግሞ ፊት ፊታቸውን ያነሳል። ታጥበው ነጭ ደረታቸው ወጥቷል፣ ጀርባቸው ሰማያዊ ሆኗል፣ ራሳቸው ግን ወታደር እንደተላጨ። ማንኛቸውም የማያምን አይመስሉም። ማንኛቸውም የሚያምኑም አይመስሉም። የደከማቸው ነው የሚመስሉት።

አይሞቱም አይባል፤ ሞቱ። የታጠቡት ሞቱ፤ ሊታጠቡ ተራ የሚጠብቁት ሞቱ፤ ጠዋት ዓሣ ከእጅ ነጥቀው የበሉት፣ ማታ በጎናቸው ተኝተው ተገኙ። የዋጡት ሬንጅ አንጀታቸውን ጨርሶታል አለች ሐኪሟ። ኸርበርት የሞቱትንም ያነሳል፤ ታዟል። አስቱሪያስ አንዱን የሞተ በክንዷ ይዛ መጥታ ብርሃን ወዳለበት ስታዞርለት፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ከግራ ዐይኑ በላይ ይዳስሳሉ። ከሌላው ዐይኑ በላይም ይዳስሳሉ። ያው ነው። የተቆረጠ ላባ ጉቶ ወዴት ወድቆ እንደነበር አይናገርም።

«ለባሲል እኔ ራሴ እነግረዋለሁ» አለች አስቱሪያስ። «አንተ እንዳትነግረው። መቀሱን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ሄደች። ኸርበርትም ተከትሏት ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። ባሲል አልጋው ላይ ነው፤ ከንፈሩ ወደ ሰማያዊነት አጋድሏል። አስቱሪያስ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ አንድም ሳትደብቅ ነገረችው። ስትጨርስ እጆቿን ሽርጧ ሥር አስገባች።

ባሲል በክርኑ ከትራሱ ቀና አለ።

«በጉን ሸለትኩልህ ነው የምትዪኝ?» አለ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ብርዱ ሊገባ ሲል።» ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ አልቆም አለ። አስቱሪያስ ደግፋ ውሃ አጠጣችው። ትንፋሹ ሲመለስ የተሰነጠቀ እጇን ይዞ አገላብጦ አየው። «ይሄ ምንድነው? ወፍ እያጠብሽ ነው ወይስ ድንጋይ እየፈለጥሽ? ቅባት ቀቢው እንጂ፣ አንቺ መርከብ።»

አስቱሪያስ ያን ጊዜ አለቀሰች።

ኸርበርት ከበሩ ገባና ካሜራውን አወጣ። ሌላ የሚያደርገው አልነበረውም። «ጋሼ፣ የዳኑት አሉ። መዋኛ ገንዳው ውስጥ ገብተው መዋኘት የጀመሩ አሉ። ከነዚህ አንዱ እሱ ሊሆን ይችላል። ይሄ እንኳ፣ እየው፣ አኳኋኑ…»

«አሳየኝ።»

አሳየው። ባሲል አየ። ሌላ አሳየው፤ አየ። ኸርበርት ሳያውቀው ድምፁ የዕቃ ሻጭ ድምፅ ሆኖ ነበር፤ ይሄስ፣ ይሄኛውስ፣ ይሄን ተመልከተው።

«ተው፣ ወንድምዬ» አለ ባሲል በቀስታ። «ከነዚህ አንዱ አትበለኝ። እሱ 'ከነዚህ አንዱ' አይደለም።»

ኸርበርት ካሜራውን አጠፋው። ለወንድሙ ያገኘለት ሕይወትም አይደለም፤ ሞትም አይደለም። የጠየቀው ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ነበር።

የዳኑት ጥቂት ናቸው። ላባቸው የተፈጥሮ ዘይቱን መልሶ ውሃ አላስገባ ያለ ዕለት፣ ጥርት ባለ ጠዋት፣ ከመንደሩ በታች ባለው ጥቁር አሸዋ ላይ ሊለቀቁ ሆነ። ባሲል «ውሰዱኝ» አለ። የደሴቲቱ ሐኪም አይሆንም አለ። ባሲል፣ «እዚህ ብሞትና እዚያ ብሞት የመቃብሩ መንገድ ለእናንተ ያው ነው፤ ቁልቁለት ነው» አለው። በትራክተሩ ተጎታች ላይ ፍራሽ ዘርግተው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ጌራልድ «እንቁላል የጫንኩ ነው የሚመስለው» እያለ ቀስ አድርጎ ነድቶ አወረደው።

ሳጥኖቹ ተከፈቱ። ፒናሚኖቹ ወጥተው ቆሙ። ከዚያ ሁለት እግር እየገጠሙ ወደ ውሃው መዝለል ጀመሩ። ኸርበርት ተንበርክኮ ያነሳል።

«ጎረቤት!» ብሎ ጮኸ ባሲል።

በዚያ ደካማ ደረት ውስጥ ያን ያህል ድምፅ መኖሩን ማንም አያውቅም ነበር። ኸርበርት ካሜራውን ዐይኑ ላይ አድርጎ ትንፋሹን ያዘ፤ የሚዞረውን ራስ ሊያነሳ። እስኪ አንዱ ይዙር። አንዱ ብቻ።

አንዱም አልዞረም። ውሃው ደረሰላቸው፤ ገቡ፤ ጥቁር ራሳቸው ከማዕበሉ ላይ ብቅ ጥልቅ እያለ ወደ ናይቲንጌል በኩል ራቀ። ጌራልድ ኮፍያውን አውልቆ ነበር፤ መልሶ አደረገው።

ኸርበርት የዚያን ዕለት ያነሳው ፎቶ ብዙ ሀገር ሄደ፤ ጋዜጣ ላይ ወጣ ተባለ። ሰዎች ከማያውቁት ሀገር የምስጋና ደብዳቤ ጻፉለት። እሱ ፎቶውን ባየ ቁጥር የሚያየው ጀርባ ብቻ ነው።

ክረምቱ መጣ፤ ባሕሩ ተቆጣ፤ ባሲል ከአልጋው ወርዶ ወንበር ላይ መቀመጥም ተወ። ግን አልሞተም። «ነሐሴን አይቼ» ይላል። ወንዶቹ ፒናሚኖች ከባሕር ቀድመው የሚወጡት በነሐሴ ነው። ጠዋት ጠዋት ኸርበርት ሲመጣ «ባሕሩ እንዴት ነው?» ይለዋል፤ ደኅና አደርህ ማለቱን ትቶታል።

ባሕሩ አንድ ቀን ተኛ። ጌራልድ ጀልባውን አወረደ፤ ኸርበርት ካሜራውን አነገተ። ናይቲንጌል ላይ ድንጋዮቹ አሁንም ጥግ ጥጋቸው ጥቁር ነው፤ ግን ጩኸቱ ነበር፤ ስድቡ ነበር፤ ከሬንጁ ያመለጡ፣ ቢጫ ቅንድብ የበተኑ ፒናሚኖች ከውሃ እየወጡ ሽቅብ ይዘላሉ። በመሃላቸው ደግሞ አልፎ አልፎ አንድ ራሰ በራ። ኸርበርት ባየው ቁጥር ካሜራውን ያነሳል።

የባሲል ጎጆ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ወንድሙ እንደሚቀመጠው፣ እግሩን ዘርግቶ። ጠበቀ። ቅንድባሞቹ አለፉ። አንድ ራሰ በራ መጣ፤ ሳይቆም አለፈ። ሌላ መጣ፤ አለፈ። ጌራልድ ከታች፣ «ኸርበርት! ነፋሱ እየዞረ ነው! ና!» እያለ መጣራት ጀመረ።

«ትንሽ!»

ያን ጊዜ አንድ ራሰ በራ ሽቅብ መጣና ከደፉ ሁለት እርምጃ ያህል ቆመ። ድንጋዩን አየ። ኸርበርትን አየ። የኸርበርትን እግር አየ። ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። ኸርበርት ካሜራውን ቀስ ብሎ አንሥቶ ፎቶ አነሳው። ወፉ አልቀረበም፤ አልሄደም። «ኸርበርት!» አለ ጌራልድ ከታች፤ ድምፁ የቀልድ አልነበረም። ኸርበርት ተነሣ። ሲነሣ ወፉ ዞሮ ከሣሩ ውስጥ ገባ።

ማታ ፎቶውን ለባሲል አመጣለት። በወረቀት አትሞ ነው ያመጣው፤ እጁ ላይ እንዲይዘው። አስቱሪያስ መብራቱን አስጠጋች። ባሲል መነጽሩን አደረገ። የደፉ ጠርዝ፣ ድንጋዩ፣ የኸርበርት ቡት ጫፍ፣ ቅንድብ የሌለው ወፍ። በጣም ረዥም ጊዜ አየው። ኸርበርት መጠየቅ ፈራ።

«ጫማህ ነው» አለ ባሲል በመጨረሻ።

«እ?»

«ያልቀረበህ በጫማህ ነው። የጎማ ቡት አድርገህ ሄደህ ምኑን ይፍታልህ? ማሰሪያ የት አለው?»

ኸርበርት ፎቶውን ከእጁ ተቀብሎ አየ። ቡቱ ጥቁርና ለስላሳ ነው። በመጋቢትም እሱን ነበር ያደረገው፤ በነሐሴም፣ በጀልባ የሚሄድ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? አንድ ጊዜም አላሰበውም።

«እሱ ነው ማለት ነው?» አለች አስቱሪያስ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? እሱ ከሆነ ፈርዶበታል፤ 'ይሄ ደግሞ ማነው' ብሎ ሄዷል። ካልሆነም አልሆነም።» ባሲል ራሱን ትራሱ ላይ ጣለ። ትንፋሹ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል። «ከአልጋው ሥር የእኔ ጫማ አለ። አውጣው። ስትመለስ እሱን አድርግ። ማሰሪያውን አጥብቀህ እንዳታስረው፤ ላላ ያለውን ነው የሚወድ።»

«ይጠበኛል እኮ፣ ጋሼ።»

«ሙሽራ ጫማ ጠበበኝ አይልም» አለ ባሲል፤ ዐይኑን ጨፈነ።

ኸርበርት ጫማውን ከአልጋው ሥር አወጣ። ቆዳው ደርቋል፤ የአንዱ እግር ማሰሪያ ጫፉ በምንቃር ተበጣጥሶ እንደ ብሩሽ ተበትኗል። ሁለቱን በማሰሪያቸው አያይዞ፣ ካሜራው በሚንጠለጠልበት አንገቱ ላይ አንጠለጠላቸው። ውጭ ሲወጣ ነፋሱ ዞሮ ነበር፤ ከታች፣ ወደቡ ላይ፣ ማዕበሉ ግንቡን እየዘለለ ይወድቃል። ጌራልድ ጀልባውን ከውሃ አውጥቶ በገመድ እያሰረ ነበር። ኸርበርትን ከነጫማው አይቶ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ዞሮ፣ ዛሬ አይሆንም እንደ ማለት ራሱን ነቀነቀና ገመዱን ሌላ ዙር አጠበቀው።